ሮማን ሐሙስ ሐሙስ የምትሄድበት ቤት

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ልጄ ማህሌትና እኔ ሃቫና ስትሪት ካለው የኮሪያዎች ገበያ ጎመንና ቀይ ሽንኩርት ገዝተን ወደ መኪናችን ስንመለስ፣ ከኋላ ፌስታሎቹን እያስተካከለች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ማሚ፣ እኔ ሐሙስ ሐሙስ ቴራፒስት ጋ እሄዳለሁ። ጀስት ሶ ዩ ኖው" አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከባድ ነገር የምትነግረኝ ሁልጊዜ እንዲህ ዕቃ እየነካካች ነው።

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኳት።

"ሲክስ መንዝስ ምናምን።"

"ማናት?"

"እንዳንቺ ትልቅ ሴት ናት። ሺ ኢዝ ናይስ።"

"ጎሽ፣ ጥሩ ነው" ብዬ ቶሎ ሞተሩን አስነሳሁ። ጥሩ ነው ያልኩት ግን ከአንገት በላይ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ፣ በየሳምንቱ፣ በእኔ ዕድሜ ካለች ሴት ፊት ቁጭ ብላ የሆዷን ስትዘረግፍ ኖራለች ማለት ነው። አባቷ ለመጋዘን ሥራው እንዲቀርበው ኮሜርስ ሲቲ የሚባል ሌላ ከተማ ቤት ከተከራየ ወዲህ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ባለው ቤታችን የቀረነው ሁለታችን ነን። እራት የምንበላው አብረን ነው። መናገር ብትፈልግ የሚሰማት ጆሮ ከጎኗ አለ። ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ግን ቅናት ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ለእህቴ አንድ ጉርሻ ካስበለጠች ሁለቱንም ሳላናግር የምውል ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሲመጣ አውቀዋለሁ።

በባል ወይም በወዳጅ ሳይሆን በአማካሪ መቅናትንም ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የምኖረውም ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል ነበር።

ካፒቶል ሂል በዚያ ዘመን እንደ እኛ አዲስ ገቢ የሆነ ሰው የሚከራይበት ሰፈር ነበር። ከኮልፋክስ ጎዳና አንድ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ለአንድ አልጋ በተሠራ ክፍል ሁለት አልጋ አስገብተን ከሮማን ጋር እንኖር ነበር። መኪና አልነበረንም። የምንሄደው በእግራችን ወይም በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ነው። የዴንቨር አየር ደረቅ ስለሆነ በብርዱ ወራት የበር እጀታ በነካን ቁጥር ብልጭ እያለ ይነዝረን ነበር። ሮማን "ዛሬም ሰይጣኑ ሰላም አለኝ" ትልና ትስቃለች።

ሮማን የደሴ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ታጥባለች፣ ታለብሳለች፤ እኔ ደግሞ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ቲኬት እቆርጣለሁ። ማታ ማታ በርበሬ የበዛበትን ሽሮዋን አፋችን እየተቃጠለ እየበላን ታወራልኛለች። የትኛው ሽማግሌ እንደ ቆነጠጣት፣ የትኛው ሹፌር እንደ ጠቀሳት፣ በልጅነቷ ከጎረቤት ሱቅ የሰረቀችውን ብስኩት ሳይቀር አውቃለሁ። የሷን ምስጢር መያዝ ለእኔ ወርቅ እንደ ማሰር ነበር። ሌላ ሰው "ሮማን ምን ሆና ነው ዛሬ ዝም ያለችው?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እያወቅሁ "እኔ እንጃ" የምለውን መልስ እወደው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እሷ ሥራ ላይ ሳለች ስልክ ተደወለ። ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ከደሴ። ከሰላምታ በፊት "ሮማን የለችም አይደል?" አለ። ከዚያ እናታቸው በሦስት ቀን ሕመም እንዳረፉ ነገረኝና "እንግዲህ በአንቺ ይሁን" አለኝ።

መቼም በእኛ ዘንድ መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ለቅርብ ሰው ይነገራል፤ ያ ሰው ጥሩ ቀን መርጦ፣ ሰው ሰብስቦ፣ በማለዳ ያረዳል። አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ከልቅሶዬ ሥር ትንሽ ኩራትም ነበረች። ከዴንቨር ሰው ሁሉ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ።

እትዬ ዘውዴን አማከርኩ። በቤተ ክርስቲያናችን ለቅሶም ሠርግም ያለ እሳቸው አይቆምም ነበር። "የነርስነት ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለባት አላልሽኝም? ፈተናዋን ትጨርስ" አሉኝ። ፈተናው አለፈ፤ ሕማማት ገባ። በሕማማት እንዴት ተደርጎ ይረዳል? ፋሲካ ሆነ፤ በበዓል ማን ሰው ያስለቅሳል? ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ የሚያርፍ ሰው ጠፋ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰባት ሳምንት አለፈ።

በመሃሉ ሮማን በስልክ ካርድ እየደወለች "እማዬን አገናኙኝ" ስትል ወንድሟ "ጠበል ሄዳለች" ይላታል። እኔም ስትጠይቀኝ "ገጠር ነዋ፣ ስልክ ከየት ይመጣል" እላለሁ። አንድ ቀን ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አገኘችና ለእናቷ ጫማ ልግዛ አለች። አብሬያት ሄድኩ። የእናቷ እግር ከእኔ እግር ጋር አንድ ነው ብላ ስለምታምን የምትለካው በእኔ ነበር። ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ አመጣችልኝ። አጥልቄው በሱቁ ምንጣፍ ላይ ወዲያና ወዲህ ተራመድኩላት። "ይመቻል?" አለችኝ።

"በጣም ይመቻል፤ ሠላሳ ስምንት ልክ ነው የሚሆናቸው" አልኳት። ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር።

የመርዶው ቅዳሜ በማለዳ፣ እትዬ ዘውዴ ከፊት፣ አሥራ ሁለት ያህል ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደዚያች ጠባብ ክፍል ገባ። ሮማን ከእንቅልፏ ቀና ስትል ያን ሁሉ ሰው አየችና ወዲያው ገባት። ዞር ያለችው ወደ እኔ ነበር። "መቼ?" አለችኝ። እትዬ ዘውዴ ቀደሙኝና "ሰባት ሳምንታቸው ነው፣ ልጄ። እግዜር ያጽናሽ" አሏት። ጩኸቷ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ሰው ግን በሚገባ አጽናናት፤ አይካድም። ምስር ወጡ፣ ንፍሮው፣ ዳቦው፣ ከየቤቱ የመጣው ወንበር፤ ጥግ ይዘው ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ሳይቀሩ። በሳምንቱ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔና እሷ ቀረን።

ከዚያ ወዲያ ሮማን ዝም አለች። ማልቀሱንም ተወች። ፈተናውን አልፋ ሳለ ትምህርት ቤቱ የላከላትን ደብዳቤ ሳትከፍት ፍሪጁ ላይ አስቀመጠችው። መታጠቢያ ቤት ገብታ የገንዳው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፤ ውሃውን ትከፍተዋለች፤ አትታጠብም። ቀሚሷ በወገቧ ላይ መዞር ጀመረ። ገንፎ ሠራሁላት፣ ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ አመጣሁላት፣ ቄስ ጠርቼ አስጸለይኩላት። ለሁሉም መልሷ "ደህና ነኝ" ነበር። ያቺን የአውቶቡስ ሹፌር ጥቅሻ ሳይቀር የምትነግረኝን ሴት "ደህና ነኝ" ስትለኝ መስማት በቤቴ በር ላይ ቁልፍ የተለወጠብኝ ያህል ነበር።

በመስከረም ገደማ አንድ ለውጥ መጣ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፀጉሯን አበጥራ፣ ያቺን ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ ትወጣለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን እንጀራ ትቆርሳለች። በአራተኛው ሐሙስ ሳህን እያጠበች ስታንጎራጉር ሰማኋት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን "የት ነበርሽ?" አልኳት።

"ትንሽ ጉዳይ ነበረኝ" አለችኝ።

ጉዳይ። ከእኔ የተደበቀ ጉዳይ። መጀመሪያ ወንድ ነው አልኩ። ቀጥሎ አዲስ ጓደኛ ይዛ ነው አልኩና በቤተ ክርስቲያን ሰላም የምትላቸውን ሴቶች አንድ በአንድ በዓይኔ መረመርኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ሻሽ አስሬ፣ እሷ በፊት በር በገባችበት አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ በኋላ በር ገብቼ ተከተልኳት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ትንሽም ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ነበር።

አንድ ባለ አንድ ፎቅ የጡብ ቤት ገባች። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የምክር አገልግሎት ይላል፤ ኢንሹራንስ የሌለውም ሰው ይመጣ ዘንድ ተጽፎበታል። ከመንገዱ ማዶ ካለ የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ የሳሙናው ሽታ ራሴን እያዞረኝ፣ የማላውቀው ሰው ልብስ ሲሽከረከር እያየሁ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ስትወጣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ጫማዋ የተንሻፈፈ ፈረንጅ ሴት እስከ በሩ ሸኘቻት። ሴትዮዋ የሆነ ነገር አለቻት። ሮማን ሳቀች፤ ያን ትልቁን ሳቋን። እኔ ያን ሳቅ ካየሁ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር።

ወንድ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወንድ የሚወስደውን አውቃለሁ፤ የጓደኛን ቦታ አይወስድም። ይቺ ሴት ግን የያዘችው የእኔን ወንበር ነው። ደሴ ምን ትሁን የማታውቅ፣ የሮማንን እናት ስም በትክክል የማትጠራ፣ አንድ ቀን ሽሮዋን ያልቀመሰች። ምን ብትነግራት ነው? የትኛውን ነገር ነው ለእኔ ያልሆነ ለሷ የሆነው? አውቶቡሱን ትቼ ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ።

ሰው ሲቀና ክፉ ይሆናል። በዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እትዬ ዘውዴን ጥግ ወስጄ፣ ድምፄን ያዘነ ሰው ድምፅ አድርጌ፣ "ሮማን እኮ የአእምሮ ሐኪም ቤት እየተመላለሰች ነው፤ ጸልዩላት" አልኳቸው። ጸሎት ፈልጌ አልነበረም። እንድትከለከል ፈልጌ ነው። ወሬው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳይወጣ አብዳለች የሚል ስም አወጣላት፤ ከሁለት ቀን በኋላ እትዬ ዘውዴ ከሁለት ሴቶች ጋር ቤታችን መጡ።

"ልጄ፣ ምን ጎደለሽና ነው የቤትሽን ነገር ለፈረንጅ የምታወሪ? የንስሐ አባት የለሽም? እኛስ የለንም?" አሏት በደግነት። ደግነታቸው እውነተኛ ነበር። ሮማን ጉልበታቸውን ሳመችና "እሺ እትዬ" አለች። ወደ እኔ አላየችም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሰማያዊ ሹራቧን አልለበሰችም። ያገኘሁት ድል ይህ ነበር። ጥቅምት ሳይጋመስ የመጀመሪያው በረዶ ጣለ፤ ሮማን ደግሞ ከገንዳው ጠርዝ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ገንዳው ጠርዝ ሆነች። ከመጦሪያው የምትሠራበት ክፍል ኃላፊ ደውላ፣ ያንን ቤት ለሮማን የጠቆመቻት እሷ መሆኗን ነገረችኝና "መሄዷን አቁማለች እንዴ? ባታቆም ጥሩ ነበር" አለችኝ። በዚያው ቀን ሮማን እያየኋት በቁሟ ወደቀች። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም ነበር። ደግፌ አስተኛኋት፤ ክብደቷ የልጅ ነበር። ያኔ ፈራሁ። ሴትዮዋን ያሸነፍኩ መስሎኝ ጓደኛዬን ልገድል ነው።

በነጋታው ብቻዬን አሥራ አምስት ቁጥርን ይዤ ሄድኩ። ሴትዮዋን በሩ ላይ አገኘኋት፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ "የሮማን ጓደኛ ነኝ፤ ምን ላድርግላት? ለእርስዎ ምን ነግራዎት ነበር?" አልኳት።

"ስለ ማንም ሰው፣ እዚህ ይመጣል ወይም አይመጣም ብዬ እንኳ ልነግርሽ አልችልም" አለችኝ።

"እኔ እህቷ ማለት ነኝ።"

"ይገባኛል። አሁንም አልችልም።"

ተናደድኩ። ከዚያ ንዴቴ ሥር ሌላ ነገር አየሁ። ይቺ ሮማንን ለጥቂት ሐሙስ ብቻ የምታውቅ ሴት ምስጢሯን እንዲህ አጥብቃ ይዛለች፤ እኔ ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ በአንድ እሑድ ዘራሁት። በምስጢር ጠባቂነት እኮራ የነበርኩት እኔ። እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየችና "ስለ ራስሽ ግን መናገር ትችያለሽ፤ ሃያ ደቂቃ አለኝ" አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ወንበሩ ተራ ወንበር ነው፣ ጎኑ ላይ የወረቀት መሃረብ አለ። ምን እንደምናገር ሳላውቅ የወጣልኝ የጫማው ነገር ነው። የሞተችን ሴት ጫማ አድርጌ ምንጣፍ ላይ እንደተራመድኩ ነገርኳት። በአማርኛ ለማንም ያልተናገርኩትን በማልችለው ቋንቋ ተናገርኩት። ሴትዮዋ አልገሠጸችኝም፣ አላባበለችኝምም። "ስለዚህ ጫማ ከጓደኛሽ ጋር አውርታችኋል?" ብቻ አለችኝ። አላወራንም ነበር።

ስወጣ "ቀጠሮ ያቋረጠ ሰውስ?" አልኳት።

"እዚህ ቤት የአንድ ሰው ሰዓት ለጥቂት ሳምንት ይጠበቅለታል" አለችኝ።

ቤት ስደርስ ሮማን ገንዳው ጠርዝ ላይ ነበረች። እኔም ወለሉ ላይ፣ ከእግሯ ሥር ተቀመጥኩ። "ለእትዬ ዘውዴ የነገርኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ቀንቼ ነው።"

"በማን?"

"በፈረንጇ።"

ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ልትስቅ ነው ብዬ ነበር። ውሃውን ዘጋችው። "ስንዱ፣ ያን ጫማ አድርገሽ ስትራመጂ ፊትሽ ትዝ ይለኛል" አለችኝ። "ፊትሽ ላይ ምንም አልነበረም። ያን ጊዜ ምንም ካልነበረ፣ አሁን አይዞሽ ስትይኝ፣ በልተሻል ወይ ስትይኝ፣ ከሥሩ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ? እሷ አታውቀኝም። ስለማታውቀኝ ለእኔ ብላ አትዋሸኝም።"

ይቅር በይኝ አልኳት፤ ለመርዶው ሳይሆን ለጫማው። ከዚያ ሰዓቷ እንደሚጠበቅላት ነገርኳት። ሐሙስ ዕለት እስከ አውቶቡሱ ፌርማታ ሸኘኋት። አሥራ አምስት ቁጥር መጣ፣ ተሳፈረች፣ እኔ ቀረሁ። እንደዚያ ሆኖ መቅረት ቀላል አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ነርስ ሆነች፤ ዛሬም ነርስ ናት። ከሴትዮዋ ጋር ምን ሲነጋገሩ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ከሃቫና ስትሪት በተመለስኩበት ቅዳሜ ለሮማን ደወልኩላት። "ስሚ፣ ልጄ ለአንዲት የማታውቃት ሴት ስድስት ወር ሙሉ የሆዷን ስታወራ" ብዬ ጀመርኩ፤ አማረርኩ፣ ደክሜ ያሳደግሁበትን ሁሉ ቆጠርኩ። ሮማን እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣ "ስንዱዬ፣ ምን ደብቀሻት ነው?" አለችኝ።

ምንም፣ ልል ነበር። ግን የምትጠይቀኝ ሮማን ናት፤ ነገሩን ደግሞ ታውቃለች። ለአንባቢም ከላይ የጻፍኩት ለልጄ የነገርኳትን ነው። ባለቤቴ ኮሜርስ ሲቲ የተከራየው ለመጋዘኑ ብሎ አይደለም። ተለያይተናል። ለማህሌት የምንነግራት ትምህርቷን ስትጨርስ ነው ተባባልን፤ ጨረሰች፤ የገና በዓል ይለፍ አልን፤ ከዚያ ሥራ እስክትይዝ አልን። በእትዬ ዘውዴ ስፈርድ ኖሬ እኔው እትዬ ዘውዴን ሆኜ ቁጭ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ማህሌትን "እኔ ላድርስሽ" አልኳት። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ጠበቅኳት፤ ፀሐይዋ ወደ ተራሮቹ እያዘቀዘቀች ነበር። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ምን አወራሽ የሚለው ጥያቄ ምላሴ ላይ ነበር፤ አሁንም ቀናተኛ ነኝ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለችውን ሴት አሁንም አልወዳትም። ዋጥኩት። በሩን ዘግታ ቀበቶዋን ሳታስር፣ "ማህሌት፣ አባትሽ ለሥራው ብሎ አይደለም የወጣው" አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር እንዲኖር ፈለግሁ።

"አይ ኖው፣ ማሚ" አለችኝ ቀስ ብላ። "እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ሲክስ መንዝስ ምናምን።"

ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ሞተሩን አላስነሳሁም።